አይስላንድ፣ አይስላንድ፣ አንድ ሰው የቀረው!

መጋቢት 13፣ እሑድ

ተወሰነ። በሰኔ አይስላንድን በመኪና እንዞራለን። ሐሳቡ የሠርካለም ነው። እኔ እንኳን አይስላንድን፣ እዚሁ ከምንኖርበት ከዴ ሞይን ከተማ ማዶ ያለችውን ደሴት ተሻግሬ አላውቅም።

ምሳ ላይ ስልኳን ወደኔ አዙራ ካርታ አሳየችኝ። ደሴቲቱን የሚዞር አንድ መንገድ አለ። ከከተማው ወጥተህ ዝም ብለህ ብትነዳ መልሶ ከተማው ያስገባሃል፤ መጥፋት አይቻልም። ፏፏቴ አለ፣ ጥቁር አሸዋ አለ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ የበረዶ ቋጥኝ አለ። በሰኔ ደግሞ ፀሐይ ጠለቀች ሳትባል ትወጣለች አለችኝ። ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚተኛ ሰው ይሄ ምን ብርቅ ነው አልኳት። አልሳቀችም።

«ሁለታችን ብቻ፣ አበጀ» አለች። «ሥራ የለ፣ ሰው የለ።»

ልጃችን ኖላዊት መስከረም ላይ ስፖኬን ከተማ ኮሌጅ ገባች። እሷ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዛሬ ለምሳሌ ምሳ ስንበላ አንዳችን የሌላችንን ስናኝክ እንሰማ ነበር። ጸጥታ ለጤና ጥሩ ነው ይባላል።

ደስ ብሎኛል። በጣም ነው ደስ ያለኝ።

መጋቢት 15፣ ማክሰኞ

ተቻኩያለሁ። እዚያ የምንነዳውን መኪና ከወዲሁ በኢንተርኔት ተከራየሁ። ቀይ፣ ትንሽ፣ ሁለት ሰውና ሁለት ሻንጣ ከያዘች በቃት። ፎቶውን ለሠርካለም ላክሁላት። የአውራ ጣት ምልክት መለሰችልኝ።

መጋቢት 18፣ ዓርብ

እኛ ቤት ያለው መኪና አንድ ነው። እኔ አየር ማረፊያው አጠገብ ሌሊቱን ዕቃ ስጭን አድሬ ስገባ፣ እሷ ካፒቶል ሂል ወዳለው የጥርስ ክሊኒኳ ትወጣለች። በር ላይ እንገናኛለን። ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ትረከበኛለች።

«ቤንዚን አለው?»

«አለው።»

ውይይታችን ይሄው ነው። ዱላ የሚቀባበሉ ሯጮችም ከዚህ በላይ ሳያወሩ አይቀሩም።

ሥራ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያንን መንገድ ለመዞር ሳምንት ያልፋል። ሳምንት ሙሉ መኪና ውስጥ፣ ጎን ለጎን። ስለ ቤንዚን ስንት ቀን ይወራል? እሺ፣ አየሩም አለ። ነፋሱ ኃይለኛ ነው ይባላል፤ ስለሱም ትንሽ ይወራል።

መጋቢት 20፣ እሑድ

ጉድ ሆኛለሁ።

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሠርካለም ቀድማ ገባች፤ እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ከጋሽ ዘመድኩን ጋር ተገናኘሁ። ጋሽ ዘመድኩን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በዚህ አገር የሐምሌ ሙቀት ካፖርት የሚለብሱ ሽማግሌ ናቸው። ስለ ጉዞው ነገርኳቸው። መቼም ሰው መንገድ አለኝ ብሎ ዝም አይልም። «አብረን እንሂዳ ጋሼ» አልኳቸው። ወግ ነው። እሳቸውም በወጉ፣ «በሰላም ግቡ ልጄ፤ እኔ ደግሞ አሁን የት እሄዳለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን ነገሩ ደረቅ እንዳይሆንብኝ ብዬ «ኧረ በሞቴ» አልኩ። ሁለቴ ብል ነው። ደረጃው ላይ ደግሞ ክንዳቸውን ደግፌ ሳወጣቸው አንዴ ደግሜዋለሁ መሰለኝ።

«እሺ፣ እንዲህ ካልክማ» አሉ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አሁን ሽማግሌን ሰው ይቅሩ ይላል? ለሠርካለም ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ። «ጥሩ» አለች። ከዚያ መክተፏን ቀጠለች። ጥሩ ካለች ጥሩ ነው እንግዲህ።

መጋቢት 24፣ ሐሙስ

ቀይዋን መልሼ ሰፋ ያለች መኪና ያዝኩ። ሽማግሌ ከኋላ ተጣጥፎ አይቀመጥም። ጋሽ ዘመድኩን ዛሬ ደውለው የአይስላንድ ነፋስ የመኪና በር ገንጥሎ ይወስዳል የሚል አንብቤያለሁ፣ እውነት ነው ወይ አሉኝ። እውነት ነው። የሚያከራዩትም በሩን ይዛችሁ ክፈቱ ብለው ያስጠነቅቃሉ። «ታዲያ ለሽርሽር ነው የምንሄደው?» አሉ። ስለ እሳቸው ስጨነቅ ዋልኩ። ካፖርታቸውን ነፋሱ ቢነፋው በአየር የሚሄዱ ሰው ናቸው።

ሠርካለም ምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ለጥፋ የምናድርባቸውን ቦታዎች በቀይ አክብባለች። እጇ ጥሩ ነው። ይሄንን ልነግራት አስቤ ረሳሁት።

ሚያዝያ 5፣ ሰኞ

የፋሲካው ዶሮ ገና ከሆዴ ሳይወርድ ሌላ ጉድ።

ረመዳን የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ የስልጤ ልጅ፣ ሳቂታ። በዕረፍት ሰዓት ምሳውን ሳያካፍለኝ በልቶ አያውቅም። የአይስላንድ ሰዎች ሊጡን በዕቃ አድርገው ትኩስ መሬት ውስጥ ይቀብሩታል፣ በመሬቱ ሙቀት ዳቦ ይሆናል አልኩት።

«ቆጮ ነው በለኛ!» ብሎ ብድግ አለ። «ነጮቹም ይቀብራሉ? ብሮ፣ ይሄንንማ ማየት አለብኝ።»

«ና እንሂዳ» አልኩት። ምን ልበል? ሰው ማየት አለብኝ ሲል ዝም ይባላል?

«ሲሪየስሊ? ሠርካለምስ ምን ትላለች?»

«እሷ ሰው ትወዳለች። በእናትህ፣ በሞቴ፣ ቀልድ እንዳይመስልህ!»

ወዲያው አለቃችን ጋ ሄዶ ፈቃድ ጠየቀ። ያንን ያህል ይፈጥናል ብዬ አላሰብኩም።

በጎ ጎኑ፣ ረመዳን መንዳት ይችላል። እዚያ አገር አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ ድልድዮች አሉ፤ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል። ሁለት ሐበሻ በሁለት ጫፍ ቢገናኝ «እለፍ»፣ «ኧረ አንተ እለፍ፣ በሞቴ» ሲባባል ክረምት ይገባል። ረመዳን ግን ያልፋል።

ሚያዝያ 6፣ ማክሰኞ

በር ላይ ለሠርካለም ነገርኳት።

«ቤንዚን አለው?» አለች።

ሚያዝያ 11፣ እሑድ

አልጽፈውም ብዬ ነበር። እጽፈዋለሁ።

ሌክ ሲቲ እትዬ ባየሽ ሱቅ ጤፍ ልንገዛ ሄድን። ሠርካለም ከኖላዊት ጋር በስልክ እያወራች መኪና ውስጥ ቀረች። ከልጇ ጋር ስታወራ ድምጿ ሌላ ነው፤ ትስቃለች። ከውጭ ሆኜ በመስተዋቱ ትንሽ አየኋትና ገባሁ።

እትዬ ባየሽ ከሱቃቸው ወጥተው የማያውቁ ሴት ናቸው። «አይስላንድ ልትሄዱ ነው አሉ» አሉኝ። «ይምጡ አብረን እንሂድ» አልኩ። «አይ ልጄ፣ ሱቄን ለማን ጥዬ» አሉ። በቃ፣ እምቢ አሉ! የተገላገልኩ ሰው ነበርኩ። ከዚያ የራሴው አፍ «ሱቅ አይሮጥ እትዬ ባየሽ! በሞቴ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዓለም ይዩ!» ሲል ሰማሁት።

እትዬ ባየሽ ሚዛኑ ላይ የነበረውን በርበሬ ትተው ዓይናቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለኝ ሰው የለም አሉ። የሰኔ ጾም ስለሚሆን ሽሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃም አለቻቸው።

መኪና ውስጥ ገብቼ ለሠርካለም ነገርኳት። ኖላዊትን ተሰናብታ ነበር።

«ቀበቶህን እሰር» አለች። ሬዲዮውን ከፈተች። እስከ ዴ ሞይን ድረስ ስለ ትራፊክ ሰማን።

እኔ ምን አጠፋሁ? ይሉኝታ ነው። እናቴ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችኝ፤ ሰው ቆሞ ብቻህን አትጉረስ ብላ።

ሚያዝያ 18፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ የአይስላንዱ አንተ ነህ? ቦታ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው» አለኝ። እግዜር ይመስገን፣ ያኔ ቅዳሴው ተጀመረ።

ከኋላዬ ደግሞ ሁለት ሴቶች ያንሾካሽካሉ።

«ሚስትየው ግን ምን አለች?»

«ምን ትላለች? እንዲህ ያለ ደግ ባል አግኝታ።»

ደግ መባሉ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ለምን እንዳፈርኩ አልገባኝም።

መኪናውን በሚኒባስ ቀየርኩት። ዘጠኝ ሰው ይጭናል። እንግዲህ የቀረኝ በሩ ላይ ተንጠልጥዬ «አይስላንድ፣ አይስላንድ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያልኩ መጣራት ነው።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ኖላዊት ደወለች። ሰላም እንኳ በቅጡ አላለችኝም።

«ዳድ፣ ኢት ዋዝ ሰፖዝድ ቱ ቢ ጀስት ዩ ቱ!»

ሁለታችሁ ብቻ አልነበር ወይ ማለቷ ነው። ሰውን አትምጣ ማለት ነውር ነው ብዬ ልመክራት ስጀምር ክላስ አለኝ ብላ ዘጋችው። ይሄ ትውልድ ይሉኝታ የለውም።

ግንቦት 2፣ እሑድ

ስነሳ ግድግዳው ባዶ ነው። ሠርካለም ካርታውን አውርዳ አጣጥፋዋለች።

«ሚኒባሱ ሞልቷል አይደል?» አለችኝ።

«አንድ ቦታ አለ» አልኩ። ቀልዴን ነበር።

«እንግዲያው ሁለት አድርገው። እኔ ወርጃለሁ።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝና ጮህኩ። ሐሳቡ ያንቺ፣ ካርታው ያንቺ፣ አሁን ሰው ምን ይለናል አልኩ። እሷ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር።

«አገር ምድሩን በሞቴ ብለሃል፣ አበጀ። እኔን ማን እንሂድ አለኝ?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ያመጣሽው?»

«እኔ ነኝ። ሁለታችን እንሂድ ብዬ ጠየቅሁህ። አንተ አጃቢ ስትፈልግ ከረምክ።»

በዕረፍት ፈቃዷ ስፖኬን ልጇ ጋ እንደምትሄድ ነገረችኝ። እኔ ከሰዎቼ ጋር በሰላም ልግባ። «በሰላም ግቡ» ያለችው ለማያውቁት ሰው እንደሚባለው ነው።

ለምን እንዲህ ሆነች? ሰው መውደድ ወንጀል ሆነ? ሥራ ላይ ሳጥን ባነሳሁ ቁጥር መልስ አዘጋጅላታለሁ፤ ሳስቀምጠው መልሱ ይጠፋኛል። ረመዳን የበረዶ ጫማ ገዝቷል። ፎቶውን ሲያሳየኝ ጎበዝ አልኩት።

ግንቦት 4፣ ማክሰኞ

ጋሽ ዘመድኩን ቤት ወርጄ ሠርካለም እንደማትሄድ ነገርኳቸው። ቁጭ በል አሉኝ።

«አበጀ፣ ብርድ እንደምጠላ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«እና አንተ በሐምሌ ካፖርት የሚለብስ ሽማግሌ ክንድ ይዘህ፣ ደረጃ ላይ፣ የበረዶ አገር እንሂድ እያልክ ስታስምለው ምን መሰለኝ? እነዚህ ልጆች ተጣልተዋል፣ በመንገድ የሚያስታርቃቸው ሽማግሌ ፈልገው ነው አልኩ። እንጂማ እኔን ምን አይስላንድ ወሰደኝ!»

«አልተጣላንም እኮ ጋሼ። አንድ ቀን ክፉ ተነጋግረን አናውቅም!»

«እሱማ የት ተገናኝታችሁ? ለመጣላትም ማውራት ያስፈልጋል።»

ያንን ያህል በድፍረት ይናገሩኛል አላልኩም። እርስዎን ያከበርኩ መስሎኝ ነው እንጂ ብዬ ተነሳሁ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አሉኝ ከኋላዬ። በሩን ሳላስበው አጮህኩት። ያሳፍራል።

ወደ ቤቴ ወጥቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እሺ። ሌላ ሰው አያነበውም፤ ልጻፈው። ፈርቻለሁ። ኖላዊት ስትሄድ ወሬያችንንም ይዛው የሄደች ይመስለኛል። ድሮ የምናወራው ስለሷ ነበር፤ ትምህርቷ፣ ጥርሷ፣ ስልኳ። አሁን ያ የበረዶ ቋጥኝ ጋ ደርሰን፣ ሠርካለም ወደኔ ዞር ብላ፣ ከዚህ ሰው ጋር ነው የቀረሁት ብትልስ? እትዬ ባየሽ ሽሮ ሲያማስሉ፣ ረመዳን ሲስቅ ማን ልብ ይለዋል?

ሠርካለምን እወዳታለሁ። ምን እንደምላት ነው የጠፋኝ።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ጋሽ ዘመድኩንን ይቅርታ ጠየቅሁና ጉዞው ለእርስዎ ይቅርብዎ አልኳቸው። «ተመስገን፣ ቀረልኝ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ካፖርት ለብሰው ነበር።

ግንቦት 8፣ ቅዳሜ

ሌክ ሲቲ። እትዬ ባየሽን እንዴት ብዬ ይቅሩ እላለሁ እያልኩ መንገዱን ሙሉ ላብ በላብ ሆንኩ። ገና «እትዬ ባየሽ፣ ስለዚያ ጉዞ...» ስል እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እንዳትቀየመኝ። እዚያ አገር ፍል ውሃ ከመግባትሽ በፊት ልብስሽን አውልቀሽ ሰው ፊት ታጠቢ ይላሉ አሉ። አንድ ደንበኛዬ ነገረችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም። አንተን አሳዝናለሁ ብዬ እንጂ...»

ሁለታችንም እፎይ አልን። የተሰናዳውን ዳቦ ቆሎ ግን በግድ አሸከሙኝ።

የከበደኝ ረመዳን ነው። እሱ ከልቡ ሊሄድ ነበር። ዕቃ እየጫንን እውነቱን ነገርኩት፤ ከባለቤቴ ጋር ብቻዬን መሄድ ፈርቼ እንደጋበዝኩት። ሳጥኑን አስቀመጠ።

«ኖ ኖ፣ ኦኬ ነው ብሮ። ይገባኛል» አለ።

አልሳቀም። በዕረፍት ሰዓት ጥግ ይዞ ምሳውን ብቻውን በላ። ይሄ የእኔ ሥራ ነው፤ በይሉኝታ የማሳብበው አይደለም። ጫማውን እንኳ መልስ ልለው ድፍረት አጣሁ።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን አልሰጠኋትም።

«ግቢ፣ እኔ ላድርስሽ» አልኳት።

«ሌሊቱን ስትሠራ አድረህ? መንገድ ላይ ትተኛብኛለህ።»

«አልተኛም።»

ገባች። አውራ ጎዳናው፣ አይ ፋይቭ፣ እንደ ልማዱ ተዘጋግቷል። ሁለታችንም የፊቱን መኪና ታርጋ እናያለን። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋ። ስለዚህ እንዲያው ከመሀሉ ጀመርኩ።

«ሰዎቹን ሁሉ አስቀርቻለሁ። ሠርኬ፣ ፈርቼ ነው። ቀኑን ሙሉ ካንቺ ጋር ሆኜ የምናወራው ቢያልቅብንስ ብዬ ነው።»

መኪኖቹ ትንሽ ተንቀሳቀሱ።

«እኔስ?» አለች። «ጋሽ ዘመድኩን ይመጣሉ ስትለኝ መጀመሪያ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ቀለለኝ። ከዚያ ነው የተናደድኩት፤ በአንተም በራሴም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከኖርኩት ሰው ጋር ለመሆን ሽማግሌ ያስፈልገኛል እንዴ ብዬ።»

«አንቺም ፈርተሽ ነበር?»

«ካርታውን ለምን ይመስልሃል እንደዚያ የቀለምኩት? ሌላ የምንነጋገርበት አጥቼ ነው። አንተ ደግሞ አንድ ቀን ቀና ብለህ አላየኸውም።»

«አይቼዋለሁ። እጅሽ ጥሩ ነው።»

«እንዴት አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ረሳሁት።»

«ረሳሁት!» አለች ወደ ጣሪያው።

አሁን ካላልኩ መቼ ልል ነው አልኩና፣

«ሠርኬ፣ አይስላንድ እንሂድ።»

«በሰላም ግቡ» አለች ወደ መስኮቱ ዞራ።

«በሞቴ።»

ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

«በሞቴ፣ ሠርኬ። ማንም የለም። ሽሮ የለም፣ ምድጃ የለም። እኔ ብቻ ነኝ። ሲያልቅብን ዝም እንላለን፤ አንቺ መስኮቱን ታያለሽ፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። በሞቴ።»

ፊቷን አላዞረችም፤ ትከሻዋ ግን ተንቀጠቀጠ። አለቀሰች ብዬ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር።

«መንገዱን የምታየው ከሆነማ» አለች፣ «መውጫችን አልፎሃል።»

እውነትም አልፎኛል። ዩኒቨርሲቲው ጋ ሄደን ወጣን። እኔ በግራ ይሻላል አልኩ፣ እሷ በቀኝ አለች፤ በግራ ሄድኩ፣ የተዘጋ መንገድ ሆነ። እስከ ክሊኒኩ በር ድረስ ስትወቅሰኝ፣ እኔም ስመልስላት ሄድን። ዘግይታለች። ከወረደች በኋላ ጎንበስ ብላ በመስኮቱ አየችኝ።

«ሚኒባሱን መልስና ትንሽ መኪና ያዝ» አለች። «አሁን ሂድና ተኛ።»

ግንቦት 13፣ ሐሙስ

ቀይዋን ሌላ ሰው ወስዷታል። ነጭ አገኘሁ። ካርታው ግድግዳው ላይ ተመልሷል፤ ትንሽ ጠማማ ነው፣ እኔ ነኝ የለጠፍኩት።

ሰኔ 8፣ ሰኞ፤ አይስላንድ

የዛሬውን ልጽፍ ከእንቅልፌ ነቅቼ ተቀመጥኩ። ውጭው አሁንም ብርሃን ነው፣ ሠርካለም ብርድ ልብሱን ፊቷ ላይ ስባ ተኝታለች። ከየት ልጀምር ብዬ ብዕሩን ይዤ ቆየሁ። ፏፏቴውን እየነዳሁ ነግሬያታለሁ፤ በጎቹን ነግሬያታለሁ፤ ድልድዩ ላይ የፈራሁትንም ነግሬያታለሁ፣ የተሳሳትኩትን እሷ አርማዋለች። ለደብተር የተረፈ ወሬ የለም።